ጂ ፕላስ 1 ልሠራ ነው፤ አረንጓዴ ቤት የሚባለው ለእኔ ቢጤ ይሆናል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለቤቱ። በማኅበር የደረሰችኝ 150 ካሬ ቦታ አለችኝ። ወደ አቃቂ አቅጣጫ ናት። ፊቷ ወደ ምዕራብ ነው፣ መንገዱም በዚያው በኩል ያልፋል። ከስንት ዓመት ቁጠባ በኋላ ጂ ፕላስ 1 ልጀምርባት ነው።

ፕላኑን የሠራልኝ ልጅ ፊት ለፊቱን ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ መስታወት ሸፍኖ አመጣልኝ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል፣ አልዋሽም። ችግሩ እኔ የምሠራበት ቢሮም እንደዚያ ያለ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀጥታ ዓይን ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ የወረቀት ካርቶን ቀደን በፕላስተር መስታወቱ ላይ ለጥፈናል። ፕላስተሩን ሙቀቱ ያላቅቀዋል፤ ሙጫው ግን መስታወቱ ላይ ይቀራል። ካርቶኑ ሲለጠፍ ደግሞ ክፍሉ ይጨልማል። እናም ውጭ ፀሐይ እያለ አምፖል አብርተን፣ ፋን ከፍተን እንሠራለን። ለቤቴ ይህን አልፈልግም።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ሶላርና ባትሪ ምናምን የሚባለው ዋጋው አይቀመስም። ያለ እሱ በቀን የማይሞቅ፣ በሌሊት የማይበርድ፣ መብራትና ሲሚንቶ የማያባክን፣ አረንጓዴ የሚባለው ዓይነት ቤት መሥራት ይቻላል ወይ? የሠራችሁ፣ ያሠራችሁ፣ እጃችሁን ያቃጠላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ተጨማሪ፦ የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ ለአዲስ ገቢ እንዲመች መልሶቹን በራሴ አነጋገር እዚሁ ሥር አስፍሬያለሁ። የመሰለኝንም ጣል ጣል አድርጌበታለሁ።

መልስ 1 እና 2

የመጀመሪያው ወንድም እንኳን ደስ አለህ ብሎ፣ እግዚአብሔር ያስጨርስህ ብሎ መረቀኝ። ከዚያ በቀጥታ ሶላር ፓነል እንድገዛ መከረኝ። ለምርቃቱ አሜን ብያለሁ። ሁለተኛው ሰው እሱም ሊሠራ ስለሆነ ክሩን እንደሚከታተል ብቻ ጻፈ።

መልስ 3

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ጀመረ። የጻፈችው አርክቴክት የሆነች እህት ናት። ስለ ዕቃ ምንም ሳትናገር ስለ ፀሐይ አስረዳችኝ።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ናት። ስለዚህ ቀትር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናታችን ብዙም አትርቅም። ሰኔ አጋማሽ ላይ ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል ታጋድላለች። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል። በሰሜንና በደቡብ በኩል ያለ መስኮት እንግዲህ ከላይ ትንሽ ወጣ ያለ ጥላ ካገኘ ይበቃዋል። ምሥራቅና ምዕራብ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጠዋትና ከሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በጎን ስለምትመጣ ከላይ የተሠራ ጥላ አያቆማትም።

ምክሯ ግልጽ ነበር። ሳሎንና መኝታ ቤት መስኮታቸው ወደ ሰሜንና ደቡብ ይሁን። ደረጃው፣ መታጠቢያ ቤቱና ዕቃ ቤቱ ወደ ምዕራብ ይሂዱ። በምዕራብ በኩል መስኮት ካስፈለገ ጠበብ ብሎ በጎኑ ፀሐይ የሚከልል ቁም መከላከያ ይሠራለት። ለዚህ ሁሉ የሚጨመር ብር የለም አለች። ፕላኑ ወረቀት ላይ እያለ የሚያልቅ ነገር ነው። ፈሮ ከታሠረ በኋላ ከሆነ ግን ሁሉም ነገር ብር ነው።

መልስ 4

አንድ ነጋዴ ነገሩን ወደ ኪስ መለሰው። ፊቱን ከመንገድ ያዞረ ቤት ማን ይከራየዋል፣ ማንስ ይገዛዋል ብሎ ጠየቀ። ሰው ሊገዛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ነው። ደግሞም በ150 ካሬ ላይ ጎረቤት ድንበሩ ላይ ግድግዳ ካቆመ በደቡብ በኩል ምን መስኮት አለ አለ። ውሃ የሚያነሳ ጥያቄ ነው። አርክቴክቷ ተመልሳ ቤቱን ወደ ሰሜኑ ድንበር ጠጋ አድርጎ በደቡብ በኩል ጠባብ ግቢ ማትረፍ እንደሚቻል ጻፈች። ለመንገዱ ፊት ደግሞ መስታወት ሳይሆን ጥሩ የድንጋይ ሥራ ያምራል ባይ ናት።

መልስ 5 እስከ 8

እዚህ ጋ ትንሽ ከረረ። ጀርመን የሚኖር ወንድማችን ማሞቂያ እምብዛም ስለማያስፈልገው፣ ፓሲቭሃውስ ስለሚባለው ቤት በሰፊው ጻፈ። የመጀመሪያው በ1991 እ.ኤ.አ. ዳርምሽታት ከተማ ሰው የገባበት ነው። ግድግዳው በወፍራም የሙቀት መከላከያ ይሸፈናል፣ መስኮቱ ባለ ሦስት ድርብ መስታወት ነው፣ ቀዳዳ የሚባል ነገር የለውም። በዓመት ለማሞቂያ የሚፈቀድለት ለአንድ ካሬ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ለእኔም ይህንኑ መከረኝ።

6ኛው በትሕትና አረመው። አዲስ አበባ ውስጥ ማሞቂያ ያለው ቤት የት አለና ነው የሚቆጠበው አለ። የእኛ ችግር ሌላ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ቀኑ ደግሞ 22 እና 23 ይደርሳል። ስለዚህ የሚያስፈልገን የቀኑን ሙቀት ይዞ ለማታ የሚያደርስ ከበድ ያለ ግድግዳ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ፣ ጡብና አፈር ይህን ይሠራሉ። ሆዱ ባዶ የሆነ ብሎኬት ግን ያን ያህል አይሠራም። ይኸው ሰው አርክቴክቷንም በአንድ ነገር አስተካከላት። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ቀትር ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት፤ ብርዱም የሚጠናው በዚያው ጊዜ ነው። እና የደቡቡን ጥላ አብዝተን ካስረዘምነው የምንፈልጋትን ፀሐይ እንከለክላታለን። 90 ሳንቲ ሜትር የወጣ ጥላ በታኅሣሥ ቀትር 1 ሜትር ከ40 ያህል ወደ ታች ያጠላል፤ መስኮቱን ሙሉ ዋጠው ማለት ነው። ግማሹ ይበቃል አለ። እሷም ተቀበለችው። እንዲህ ያለ መተራረም ነው ደስ የሚለኝ።

7ኛው ግን ትሕትና አልፈጠረበትም። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች የሰው አገር መጽሔት እያነበቡ እዚህ ይሰብኩናል ብሎ ወረደበት። ሰውየው በክፋት አልነበረም የጻፈው፤ ስድቡ አይገባውም ነበር። በ8ኛው መልስ ላይ የጀርመኑ ወንድም ራሱ ተመልሶ፣ ቅር ሳይለው፣ ስለ ግድግዳው ልክ ናችሁ አለ። ስለ ጣራው ግን እንዳትረሱ አለን። ይህችን ያዙልኝ።

መልስ 9

የጣራውን ነገር የጨረሰው አንድ ፎርማን ነው። ጋሼ እንበላቸው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ሙያ በልብ ነው የሚባለው ለእሳቸው ዓይነቱ ነው።

እሳቸው እንደሚሉት ቤት የሚሞቀውም የሚበርደውም በቆርቆሮው ነው። ቀን ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል። ሌሊት ሰማይ ጥርት ሲል ደግሞ ሙቀቱን ሁሉ ይለቅና ከሥሩ ጤዛ ያንጠባጥባል። ሰው ለመስኮቱ አሉሚኒየም ያን ያህል ያወጣና ከቆርቆሮው ሥር ስስ ችፑድ ለጥፎ ኮርኒስ ሠራሁ ይላል። መፍትሔያቸው ሦስት ነገር ነው። ቆርቆሮው ነጣ ያለ ቀለም ይኑረው። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ በሁለቱም ጫፍ ይተው፣ ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ይደረግበት። ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ አቅም የፈቀደውን የሙቀት መከላከያ ጣል ያድርጉ።

አንድ ሰው ከሥሩ ገብቶ የአርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬን ሥራ ጠቀሰ። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ በምትባል የትውልድ መንደሩ በ2001 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ትምህርት ቤት ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ በመካከሉ አየር ይነፍሳል። ግድግዳው የታመቀ የአፈር ጡብ ነው። ኬሬ በ2022 እ.ኤ.አ. ፕሪትዝከር የሚባለውን ትልቁን የአርክቴክቸር ሽልማት ሲያገኝ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ጋሼ ሰውየውን እንደማያውቁት፣ ነገሩን ግን እንደሚያውቁት መለሱ።

መልስ 10 እስከ 13

ጨዋታው የደራው በአፈር ላይ ነው። 10ኛው ልጅ የአርክቴክቸር ተማሪ ነው። ልደታ ያለው የሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ በ2010 እ.ኤ.አ. ከዙሪኩ ኢ ቲ ኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር ስለተሠራው የሙከራ ቤት ነገረን። ያውም ጂ ፕላስ 1 ነው። ግድግዳው ከአፈር፣ ወለሉና ጣራው ከስስ የአፈር ጡብ በቅስት የተሠራ። ፈሮ የፈጀ ሶሌታ፣ ማለት የአርማታ ወለል፣ የለውም። ለምን እንዲህ አትሠራም አለኝ።

11ኛዋ ከደብረ ብርሃን ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። የተወለዱት ጭቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ጭቃ ቤት ይሞቃል ሲሉ መሰከሩ። ግን ስለ ጭቃ ቤት በቅኔ የሚያወራ ሰው በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ጭድና ጭቃ ረግጦ፣ በእጁ መርጎ አያውቅም አሉ። ምስጥ ማገሩን ይበላል። አይጥ ግድግዳውን ይፈለፍላል። ዝናብ ከሥር ያጥበዋል። የእናታቸው ቤት እስከ ዛሬ የቆመው መሠረቱ እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይ ስለተገነባና የጣራው ክንፍ ረዘም ስላለ ነው። የጎረቤቱ ወድቋል። ይህን መልስ ሦስቴ አንብቤዋለሁ።

12ኛው ሲቪል መሐንዲስ ነው። ተማሪውንም እኔንም ወደ መሬት አወረደን። በማሽን የሚታመቅ የአፈር ብሎኬት ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ሲሚንቶ ይበቃዋል፣ መተኮስ አያስፈልገውም፤ እውነት ነው። ግን የሚሆነው ቀይ አፈር ነው። ወደ አቃቂ ያለው ዋልካ ነው። ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ለብሎኬቱ አይሆንም፤ ለመሠረቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቀይ አፈር ከሩቅ በሲኖትራክ ካመጣህ ደግሞ ያተረፍከውን በናፍጣ ትከፍላለህ አለኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው። የአፈር ነገር በእኔ ቦታ ላይ እዚህ ጋ አበቃ። ቦታው እንጦጦ ግርጌ የሆነ ሰው ግን ደግሞ ያስብበት።

13ኛው ሁሉም ሰው ወደ ጭቃ ዘመን ሊመልሰን ነው ወይ ብሎ ቀለደ። ማንም አልሳቀም።

መልስ 14 እስከ 16

አንዱ ጥሩ ጥያቄ አነሳ። የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመነጨው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት ነው። እንግዲህ ከውሃ የመጣ ንጹሕ መብራት ቆጥበን ምን ልናተርፍ ነው?

15ኛው መለሰለት፤ ለእኔ የክሩ ልብ ይህ ነው። የእኛ ቤት ጭስ ያለው ሶኬቱ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ ነው። ኦ ፒ ሲ የሚባለው ያልተደባለቀ ሲሚንቶ አንድ ኩንታል ሲመረት ከ80 ኪሎ ያላነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ምድጃው 1,450 ዲግሪ ይደርሳል፣ የሚነደውም በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው ካርቦን ግን ከማገዶው ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ የሚወጣ ነው፤ ስለዚህ ማገዶውን ብትቀይረውም አይጠፋም። ፒ ፒ ሲ የሚባለው ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሚደባለቅበት ይሻላል። ለግንብና ለልስን እሱ ይበቃል፤ ኦ ፒ ሲውን ለኮለንና ለቢም ብቻ። መብራቱን በተመለከተ ደግሞ ችግሩ የጭስ ሳይሆን የትራንስፎርመር ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማታ አንድ ላይ ሲጭንበት ይወድቃል።

16ኛው ላይ ጋሼ ፎርማኑ ተመለሱ። ሲሚንቶ የሚባክነው የት እንደሆነ ልንገራችሁ አሉ፤ ልስን ላይ ነው። ግንበኛው ቱንቢ ሳይጥል ብሎኬቱን አጣሞ ይደረድራል። ለሳሹ መጥቶ ያንን ለማቃናት ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚበቃውን ቦታ አምስት ሳንቲ ሜትር ይለስነዋል። ከዚያ ደግሞ ውሃ ሳይጠጣ ይተውና ይሰነጠቃል፣ ፍቀህ ድገም ይባላል። ግንበኛውን በቱንቢ ቆጣጠር፣ አርማታውን ሳምንት ሙሉ ውሃ አጠጣ፤ አረንጓዴ ያላችሁት ነገር እኔ ዘንድ ይህ ነው አሉ። እንዲህ ያለውን የትኛውም የምክር ወረቀት ላይ አላገኘሁም።

መልስ 17 እስከ 19

ከእስራኤል የጻፈች እህት የውሃ ማሞቂያውን አነሳች። እነሱ ዘንድ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ መኖሪያ ቤት በፀሐይ የሚሠራ ቦይለር እንዲኖረው ሕግ ወጥቷል። ጣራው ሁሉ በበርሜል የተሞላ ነው። ኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓነል አይደለም፤ ጥቁር ሰሌዳና ቧንቧ ብቻ። አዲስ አበባም ለዚህ ትመቻለች አለች። 80 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ወደ 55 ለማድረስ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በየቀኑ ሲባዛ አስቡት አለች።

18ኛው ሰው ከት ብሎ ሳቀ፤ ምልክቱን ደርድሮታል። መጀመሪያ ውሃው ይምጣ እንጂ ስለ ማሞቂያው በኋላ እናወራለን አለ። በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣላቸው። ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ሮቶ ዞረና ስለየትኛው ሰፈር ውሃ ብዙ ተባለ። ዘለልኩት። ከመሃል አንዷ ብቻ ቁም ነገር አመጣች። 100 ካሬ ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደ 2,000 ሊትር ነው። ማለትም አንድ የሐምሌ ከሰዓት አንድ ሮቶ ይሞላል። ለመጠጥ ባይሆንም ለሽንት ቤት፣ ለልብስና ለግንባታው ውሃ ይሆናል። አሸንዳውን ግን መጀመሪያውኑ አስበህ ቦታ ስጠው ብላኛለች።

መልስ 20 እስከ 22

20ኛው ተናዶ ነው የመጣው። አረንጓዴ ሕንፃ ማለት ባለ ገንዘብ መግቢያው ላይ የሚሰቅለው ሰሌዳ ነው፣ ለደሃ የተሠራ አይደለም አለ። ትልቅ ሕንፃም ያለ መስታወትና ያለ ኤሲ አይቆምም ሲል ደመደመ።

አርክቴክቷ ግማሹን ተቀበለች፣ ግማሹን አልተቀበለችም። የአረንጓዴ ሕንፃ የምስክር ወረቀቱ ገንዘብ ይጠይቃል። ሥሌቱ ግን ለማንም ይጠቅማል። ለምሳሌ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይ ኤፍ ሲ ያወጣው ኤጅ የተባለው መለኪያ በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃ ረገድ ቢያንስ 20 በመቶ ቁጠባ ይጠይቃል። ሦስተኛው፣ የዕቃው ቁጠባ ላይ ስትደርስ የጋሼን ቱንቢ አስታወሰችን። ስለ ትልቁ ሕንፃ ደግሞ ዚምባብዌ፣ ሐራሬ ያለውን ኢስትጌት የተባለ ሕንፃ ጠቀሰች። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ነው፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። ቀዝቃዛውን የሌሊት አየር በወፍራም ወለሎቹ ውስጥ እያሳለፈ ለቀን ያስቀምጠዋል፤ እንደ ሌላው ሕንፃ ኤሲ የለውም። ሐራሬም እንደ እኛ ደጋ ላይ ያለች፣ ሌሊቷ የሚቀዘቅዝ ከተማ ናት።

22ኛው ከድሬዳዋ ነው፤ ሁላችንንም ገሠጸን። ስለ አዲስ አበባ ብቻ ነው የምታወሩት አለ። እነሱ ዘንድ ሌሊቱም አይቀዘቅዝም፣ ከበድ ያለ ግድግዳ ሙቀት አምቆ ያሳድራቸዋል። ለእነሱ ጥላ፣ በረንዳ፣ ነፋስ የሚያልፍበት መስኮትና የከዚራ ሰፈራቸው ዓይነት ዛፍ ነው። ለሰመራማ ሌላ ክር ክፈቱ አለ። ልክ ነው።

መልስ 23 እስከ 25

ከዚህ በኋላ ምጣድ ላይ ገባን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል፤ ማን ጠዋት ይጋግር፣ ማን ማታ ይጋግር የሚለው ወደ ባልና ሚስት ጸብ ተቀየረ። 24ኛው የጻፈውን አወያዩ አጥፍቶታል። ማጥፋቱ ተገቢ ነበር።

25ኛው ስለ መስታወቱ የጻፈ ድራፍቲንግ ባለሙያ ነው። የእኔን ፕላን የሠራውን ልጅ ደግፎ ነው የመጣው። ደንበኛ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየናል፣ እንደዚህ አድርግልኝ ይለናል፣ ካልሠራንለት ሌላ ቤት ይሄዳል አለ። መስታወት ቶሎም ያልቃል፤ ልስን የለ፣ ቀለም የለ። ስለዚህ ልጁን ከመውቀስ ቁጭ ብለህ አነጋግረው አለኝ።

መልስ 26

ይህ የእኔ ነው። ልጁን አነጋገርኩት። ደረጃውን፣ መታጠቢያ ቤቱንና ዕቃ ቤቱን ወደ ምዕራብ አዙሯል። ሰማያዊው መስታወት ወጥቶ ፊቱ ድንጋይ ሆኗል። በደቡብ በኩል ሁለት ሜትር ግቢ ተርፏል፣ ጥላው 45 ሳንቲ ሜትር ነው። የኮርኒሱ አየር መግቢያ ፕላኑ ላይ ተሥሏል፤ የፀሐይ ቦይለሩም ቧንቧው ይቀበርና ዕቃው ብር ሲገኝ ይገዛል። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ለድንጋዩ ሁሉ አቅም የለኝም። አዲሱን ፕላን ለጥፌዋለሁ፣ እዩልኝ።

መልስ 27

አርክቴክቷ አይታ መለሰች። ላይኛው ፎቅ በምዕራብ በኩል አሁንም ባለ 2 ሜትር መስኮት እንዳለ፣ ያውም የዋናው መኝታ ቤት እንደሆነ ጻፈች። ባለቤቴ መንገዱን ማየት ትፈልጋለች ብዬ መልሻለሁ። ቁም መከላከያው በስንት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይሁን የሚለውን እየተነጋገርን ነው፤ የሠራ ሰው ካለ ፎቶ ይላክልኝ።